ሌሊት በሽተኛ እንዳይወድቅባችሁ

ይህን ለአዲስ ነርሶች የምጽፈው ደሴ ውስጥ በሌሊት ተረኝነት ካየሁት ተነሥቼ ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲጠነክር በሽተኛው ካልሲ አጥልቆ፣ ጋቢ ደራርቦ ይተኛል፤ አስታማሚው ደግሞ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ያነጥፋል። አንድ ሌሊት አንዲት እናት ልጃቸውን ላለመቀስቀስ በላይዋ ሊሻገሩ ሲሉ የገዛ ጋቢያቸው ጠልፎ ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ እንኳ «አብሽሪ ልጄ፣ ደክሟችኋል ብዬ ነው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ከፈለጉ ይጥሩኝ» ብዬ አልሄድም። ይሉኝታ ያለው ሰው አይጠራም። ከመተኛታቸው በፊት «እማማ፣ ሽንት ቤት ላድርስዎት» እላለሁ፤ ሌሊት ስዞርም እደግመዋለሁ። የአስታማሚው ምንጣፍ በሽተኛው በማይወርድበት በኩል ይነጠፍ። በካልሲ ብቻ አይራመድ፤ የማያንሸራትት ጫማ ይቅረብለት። ውሃው፣ መነጽሩና ፖፖው እጁ የሚደርስበት ይቀመጡ። የሚያሸና መድኃኒት ማታ የሚወስድ ካለ ሰዓቱ ይለወጥ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ስታስነሡት አትቸኩሉ። እግሩ መሬት እስኪረግጥ አልጋውን ዝቅ አድርጉ፣ ጎማውን ቆልፉ። (ቁልፉ የተበላሸ አልጋ አይጠፋም፤ ግድግዳ አስደግፉትና ለጥገና አሳውቁ።) አንድ ሁለት ደቂቃ ጠርዙ ላይ አስቀምጡትና ፊቱን እዩ። ዓይኔ ጨለመብኝ ካለ መልሳችሁ አስተኙት። በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ብቻውን አይራመድም።

አንሶላ ስትቀይሩም ሆነ ስታጥቡት ሁለት ሁኑ። ሰው ከጠፋ ማዶ ያለውን የአልጋ አጥር ከፍ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ አገላብጡት፤ ወደ ማዶ አትግፉት። ዕቃው ሁሉ አስቀድሞ ይቅረብ፤ ፎጣ ረስታችሁ ጀርባ በሰጣችሁበት ቅጽበት ይወድቃል። አጥሩን ዙሪያውን ማቆምም ሁልጊዜ አያድንም። ግራ የተጋባ በሽተኛ በላዩ ሊወጣ ይሞክርና ይብስ ከከፍታ ይወድቃል።

ከወደቀ ጎትታችሁ አታንሡት። ንቃቱን፣ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ዳሌውን መጀመሪያ እዩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ። መዝገቡ ላይ «ወደቀ» ብሎ መተው አይበቃም፤ በስንት ሰዓት፣ ምን ፈልጎ ሲነሣ፣ ምን ተጫምቶና ምን ለብሶ እንደነበር ይጻፍ። እኔ የእኒያን እናት መዝገብ ስጽፍ ጋቢውን ረስቼዋለሁ።