የዲፊዩዥን ስሌታችሁ አልገጥም ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያ ወደ መፍትሄው

ቅዳሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አጠገብ ጀበና ቡና እየጠጣሁ አንዲት የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ እባክህ አንዴ እየው፣ ሶስት ቀን ሆነኝ» አለችኝ። ኤክሴሉ ላይ ኔጋቲቭ ቁጥር አለ። የዲፊዩዥን ኮኤፊሸንት (አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሰራጭ የሚነግረን ቁጥር) እንዴት ኔጋቲቭ ይሆናል ብላ፣ ሁሉንም አጥፍታ ሶስት ጊዜ ከዜሮ ጀምራለች። ሶስቱንም ጊዜ ያው ቁጥር ወጣ።

ስሌቷ ልክ ነበር። ትክክለኛ መልስ ሶስት ጊዜ ሰረዘች ማለት ነው። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። ማስ ትራንስፈር (የቁስ ዝውውር) ላይ ብዙ ሰው የሚደክመው ሂሳቡ ከብዶት ሳይሆን፣ የቱ ቁጥር ሊያሳስበው እንደሚገባና የቱ እንደማይገባ የነገረው ስለሌለ ነው።

መልሱ በሺህ ወይም በአስር ሺህ እጥፍ ተዛባ

ይሄ ቀላሉ ነው። ፎርሙላውን ከመመርመራችሁ በፊት መጠኑን እዩ። ጋዝ በተለመደው የአየር ግፊት ከሆነ መልሱ ከ0.1 እስከ 1 ሴንቲሜትር ስኩዌር በሴኮንድ አካባቢ ይወድቃል። ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ 10⁻⁵ አካባቢ ነው። ከዚህ በጣም ከራቃችሁ ጥፋቱ የመለኪያ አሃድ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

በአስር ሺህ ከተዛባ ሴንቲሜትር ስኩዌርና ሜትር ስኩዌር ተቀላቅለዋል። ፈሳሽ ላይ በሺህ ከተዛባ ደግሞ ቪስኮሲቲው (ፈሳሹ ላለመፍሰስ ያለው እምቢታ) ነው። የ1955ቱ የዊልክና ቻንግ ፎርሙላ ቪስኮሲቲን በሴንቲፖይዝ ነው የሚፈልገው። ለምሳሌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ 7.4 × 10⁻⁸ × 6.84 × 298 አድርጉና ለ0.89 እና ለ8.30 አካፍሉት። 6.84 የመጣው ከ2.6 × 18 ስኩዌር ሩት ነው፤ 2.6 ፎርሙላው ለውሃ የሚሰጠው ቁጥር፣ 18 የውሃ የሞለኪውል ክብደት ነው። 8.30 ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞላር ቮልዩም 34 ወደ 0.6 ፓወር ሲነሳ ነው። መልሱ 2.04 × 10⁻⁵ ይሆናል። በልኬት የሚታወቀው 1.9 × 10⁻⁵ ገደማ ስለሆነ ጥሩ ነው። በ0.89 ፋንታ 0.00089 ፓስካል ሴኮንድ ብታስገቡ ግን 0.02 ይሰጣችኋል። እንዲህ የሚሮጥ ፈሳሽ የለም።

አሃዱ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ላብ ውስጥ የለካነው ከስሌቱ በሃያ ምናምን በመቶ በለጠ

ይሄ የእኛ የጅማዎች ችግር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሲተን ትለካላችሁ። ከዚያ ከመጽሐፍ 0.25 የሚለውን የውሃ ትነትና የአየር ኮኤፊሸንት ወስዳችሁ ታሰላላችሁ። አይገጥምም። ሚዛኑ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ነው እየተባለ ሳምንት ይሄዳል።

መንስኤው ከፍታ ነው። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው እንጂ 101.3 አይደለም። የጋዝ ዲፊዩዥን ኮኤፊሸንት ደግሞ ግፊት ሲቀንስ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ስለሚሄዱ ብዙም አይጋጩም። የመጽሐፉ ቁጥር ባህር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው የተጻፈው።

እስኪ በ1966 በወጣው የፉለር፣ ሼትለርና ጊዲንግስ ፎርሙላ እንስራው። 0.00143ን በሙቀቱ አባዙ፣ ሙቀቱ በኬልቪን ሆኖ ወደ 1.75 ፓወር ይነሳል። ለ298.15 ኬልቪን የተነሳው ሙቀት ብቻውን 21,392 ይመጣል። ከዚያ ለሶስት ነገሮች አካፍሉ። አንደኛው ግፊቱ ነው፣ በባር። ሁለተኛው የአማካይ የሞለኪውል ክብደት ስኩዌር ሩት ነው። አማካዩ ተራ አማካይ እንዳይመስላችሁ፣ 2 ለ(1 ÷ 18.02 + 1 ÷ 28.97) ሲካፈል የሚገኘው 22.2 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 4.71። ሶስተኛው ደግሞ የሁለቱ ዲፊዩዥን ቮልዩሞች፣ ማለትም የውሃ 13.1 እና የአየር 19.7፣ ኪዩብ ሩታቸው ተደምሮ ስኩዌር ሲደረግ የሚመጣው 25.6 ነው። በ1.013 ባር 0.25 ይወጣል። በ0.82 ባር 0.31። አያችሁት? ጠፋ የተባለው ሃያ ምናምን በመቶ እዚህ ነበር።

መፍትሄው ግፊቱን ማስተካከል ነው፣ ግን እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ። ግፊቱ ሶስት ቦታ ይገባል፦ ኮኤፊሸንቱ ውስጥ፣ የጋዙ ጠቅላላ ኮንሰንትሬሽን ውስጥ፣ እና ውሃው ላይ ያለው የትነት ሞል ክፍልፋይ (ከጠቅላላው ሞለኪውል ያለው ድርሻ) ውስጥ። ኮኤፊሸንቱና ክፍልፋዩ በ82 ኪሎፓስካል ተሰርተው ኮንሰንትሬሽኑ በ101.3 ከቀረ፣ ስሌታችሁ ከትክክለኛው በ24 በመቶ ይበልጣል። ቅድም አነሰ ስትሉ የነበረው አሁን በዛ ይላል፣ ሰውም ግራ ይጋባል። አንድ ሴል ላይ ግፊቱን ጻፉና ሶስቱም ከዚያ ይውሰዱ።

ሌላ ነገር፦ ግፊቱን ከስልካችሁ የአየር ሁኔታ አፕ ላይ አትውሰዱ። አፑ 1,015 ምናምን ሚሊባር ይላችኋል። ያ ወደ ባህር ጠለል የተመለሰ ቁጥር ነው፣ ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ግፊት አይደለም። ባሮሜትር ካለ እሱን አንብቡ። ከሌለ ከከፍታው አስሉት።

ኔጋቲቭ ኮኤፊሸንት ወጣ

እንግዲህ ወደ ልጅቷ ኤክሴል እንመለስ።

አዶልፍ ፊክ በ1855 ያወጣው ህግ ለሁለት ነገሮች ቅልቅል ነው የሚሰራው። አንድ ግራዲየንት (ከቦታ ቦታ ያለው የመጠን ልዩነት)፣ አንድ ኮኤፊሸንት፣ አንድ ፍላክስ (የሚያልፈው መጠን)። ሶስተኛ ጋዝ ሲገባ ነገሩ ይቀየራል። ማክስዌል በ1866፣ ስቴፋን በ1871 ያሉት ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ጋዝ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ጋር ይፋተጋል። የገበያ ቀን መርካቶ መሃል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የትም መሄድ ባትፈልጉም የሰዉ ግፊያ ይዟችሁ ይሄዳል። አንድ ጋዝ የራሱ ግራዲየንት ዜሮ ሆኖ እንኳ ሌላው ጎትቶት ሊሄድ ይችላል።

ይሄ ወሬ አይደለም፣ በ1962 ደንከንና ቱር በሁለት የመስታወት ኳሶች አሳይተውታል። በአንዱ ግማሽ ናይትሮጅን፣ ግማሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በሌላው ግማሽ ናይትሮጅን፣ ግማሽ ሃይድሮጅን። መሃላቸው ቀጭን ቱቦ። ናይትሮጅኑ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አላለም፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር አብሮ ወደ ሃይድሮጅኑ በኩል ሄደ።

በቁጥር እንየው። ሃይድሮጅን 1፣ ናይትሮጅን 2፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3 ይሁኑ። የጥንዶቹ ኮኤፊሸንት በ35.2 ዲግሪ፦ የ1ና 2 0.833፣ የ1ና 3 0.680፣ የ2ና 3 0.168። ሞል ክፍልፋያቸው 0.25፣ 0.5፣ 0.25 ይሁን። መጀመሪያ «ቢ» የምንለውን ማትሪክስ፣ ማለትም የጋዞቹን ፍትጊያ የሚይዝ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ እንሰራለን።

ቢ11 = 0.25 ÷ 0.680 + 0.5 ÷ 0.833 + 0.25 ÷ 0.680 = 1.336
ቢ12 = −0.25 × (1 ÷ 0.833 − 1 ÷ 0.680) = 0.068
ቢ21 = −0.5 × (1 ÷ 0.833 − 1 ÷ 0.168) = 2.376
ቢ22 = 0.25 ÷ 0.833 + 0.5 ÷ 0.168 + 0.25 ÷ 0.168 = 4.764

ቢ11ን ልብ በሉ። ጋዙ የራሱ ክፍልፋይም ይገባል፣ የሚካፈለውም ከመጨረሻው ጋዝ ጋር ላለው ጥንድ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል።

አሁን ማትሪክሱን ኢንቨርስ አድርጉት። የሚወጣው «ዲ»፦ ዲ11 0.768፣ ዲ12 −0.011፣ ዲ21 −0.383፣ ዲ22 0.215። ይኸው ኔጋቲቩ። ችግር የለበትም። −0.383 የሚለው ሃይድሮጅን ናይትሮጅንን በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚያስኬደው ነው የሚነግራችሁ፣ ልክ ኳሶቹ ላይ እንደታየው። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ዲያጎናሉ (ዲ11 ወይም ዲ22) ላይ ኔጋቲቭ ሲመጣ ነው። ወይም ዲተርሚናንቱ (ዲ11 × ዲ22 − ዲ12 × ዲ21) ኔጋቲቭ ሲሆን። እዚህ የዲያጎናሉ ድምር 0.983፣ ዲተርሚናንቱ 0.161 ነው፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው።

እኔና ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ሰርተን ማትሪክሳችን ተለያየ

የመጨረሻ ያደረጋችሁት ጋዝ አንድ ነው? ናይትሮጅኑን መጨረሻ ብታደርጉት ዲያጎናሉ 0.779 እና 0.204 ይሆናል፣ የጎኖቹም ይቀየራሉ። ግን ድምሩ ያው 0.983፣ ዲተርሚናንቱም ያው 0.161። እነዚህ ሁለቱ ከተስማሙ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትጨቃጨቁ። እኔ የራሴን ስሌት የምፈትሸው በዚህ ነው፤ ተራውን ቀይሬ እንደገና እሰራዋለሁ።

ካልተስማሙ፣ አንዳችሁ ማትሪክሱን በመገልበጥ ፋንታ እያንዳንዱን ቁጥር ገልብጣችኋል። ይሄ ስህተት አታላይ ነው። 1 ÷ 1.336 ስትሉ 0.749 ይመጣል፣ 1 ÷ 4.764 ደግሞ 0.210። ለትክክለኛው ቅርብ ስለሆኑ ማንም አይጠረጥርም። የሚያጋልጠው የጎኑ ቁጥር ነው፦ 1 ÷ 0.068 ወደ 15 ይጠጋል። ኤክሴል ላይ ኤምኢንቨርስን ተጠቀሙ። የቆየ ኤክሴል ከሆነ መጀመሪያ አራቱንም ሴል ምረጡና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ አለበለዚያ አንድ ሴል ብቻ ነው የሚሞላው።

የዲፊዩዥን ፍላክሶቹ ተደምረው ዜሮ አልመጡም

ለእያንዳንዱ ጋዝ የየራሱን አንድ ኮኤፊሸንት ይዛችሁ ፊክን ሶስት ጊዜ ጽፋችኋል። የ1950ውን የዊልክ አቋራጭ ስንጠቀምም ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ እንገባለን። አቋራጩ መጥፎ አይደለም፣ ጋዙ በጣም ጥቂት ሲሆን ወይም ሌሎቹ ቆመው እሱ ብቻ ሲያልፍ ጥሩ ይሰራል። ለሁለቱ ኳሶች ዓይነት ነገር ግን አይሆንም። መፍትሄው አጭር ነው፦ የሁለቱን ፍላክስ በማትሪክሱ አስሉ፣ ሶስተኛው የሁለቱ ድምር ኔጋቲቭ ነው።

ፈሳሽ ላይ፣ ለምሳሌ አረቄ ላይ እንዳለው አልኮልና ውሃ፣ አንድ ነገር ይጨመራል። ኢንቨርሱን በቴርሞዳይናሚክ ፋክተሩ (ቅልቅሉ ከአይዲያል ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው) ማባዛት አለባችሁ። ለጋዝ ይሄ ፋክተር 1 ስለሆነ ነው እስካሁን ያልጠራሁት።

ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ገጠመ፣ ሙቅ ውሃ ላይ አልገጠመም

በ25 ዲግሪ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። በ80 ዲግሪ ግን ውሃው ከስሌቱ እጅግ ፈጥኖ ያልቃል። እዚህ ኮኤፊሸንቱን አትንኩት። የተረሳው ትነቱ ራሱ የሚፈጥረው ወደ ላይ የሚነፍስ ፍሰት ነው፣ የስቴፋን ፍሰት የሚባለው። በ25 ዲግሪ የውሃ ትነት ግፊት 3.17 ኪሎፓስካል ነው፣ ለ82 ሲካፈል 4 በመቶ አይሞላም፣ ፍሰቱን ብትረሱት የምታጡት 2 በመቶ ነው። በ80 ዲግሪ ግን 47.4 ኪሎፓስካል ይሆናል፣ ክፍልፋዩም 0.578። የልዩነቱን ቀጥታ ቁጥር ትታችሁ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፦ የ1 ÷ (1 − 0.578) ናቹራል ሎግ 0.863 ነው። 0.863 ለ0.578 ሲካፈል 1.49። ውሃው ከስሌታችሁ በግማሽ ያህል ፈጥኖ ያለቀው ለዚህ ነው።