የካውቦይ ኮርቻ አልገጥም ሲል፦ ለአስቸጋሪ ጀርባ ችግርና መፍትሄ

ወንድሜ ዓምና ከቴክሳስ ሲመጣ ለልጄ የካውቦይ ኮርቻ ይዞላት መጣ። ቆዳው ያበራል። ፊቱ ላይ ቀንድ አለው፣ እርካቡ ሰፊ ነው፣ ከኋላ ደህና አድርጎ ይደግፋል። ልጄ የዚያን ቀን እራት እንኳ በቅጡ አልበላችም፤ ኮርቻው አጠገብ ነው ያመሸችው። ከኢተያ በኩል ገዝተን ወደ አዳማ ያመጣነው ዳማ ፈረስ ግን አልተስማማውም። በሁለተኛው ሳምንት ጀርባው ላይ እባጭ ወጣ። በሦስተኛው ኮርቻውን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ጠፍሩን ሳጠብቅ ለመንከስ መዞር ጀመረ። እኔም ጠባዩ ተበላሸ ብዬ ደመደምኩ። ስፖንጅ ገዝቼ ከስር ደረብኩበት። ባሰበት።

ጠባዩ ደህና ነበር። ጀርባውን አሞት ነው።

ይህን የምጽፈው ኮርቻ ከውጭ ለመጣላችሁ፣ ወይም ያገለገለ ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ፈረሳችሁ ደግሞ ጀርባው ክብ ወይም ወገቡ አጭር ሆኖ አልገጥም ላላችሁ ነው።

መጀመሪያ አጽሙን እወቁት

የካውቦይ ኮርቻ ከላይ ሲታይ ሁሉም ቆዳ ነው። ውስጡ ግን እንደ አገራችን ኮርቻ አጽም አለው። አጽሙ በአብዛኛው እንጨት ነው፤ በፋይበርግላስ ወይም በፕላስቲክ የተሠራም አለ። ሁለት ሳንቃዎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይተኛሉ፣ ከፊትና ከኋላ በቅስት ይያያዛሉ። የሚቀመጠው ሰው ክብደት የሚያርፈው በእነዚህ ሳንቃዎች ላይ ነው። ቆዳው እየዋለ እያደረ ይለሰልሳል። ሳንቃው በፍጹም አይለሰልስም።

ይህ አጽም በብዛት የሚሠራው ኳርተር ሆርስ ለሚባለው የአሜሪካ ፈረስ ነው። እሱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። የኛ አገር ፈረሶች አብዛኞቹ ከ1 ሜትር ከ40 በታች ናቸው። ጀርባቸውም አጠር ይላል። ስለዚህ ኮርቻው ውድና ቆንጆ መሆኑ ስለመግጠሙ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ሻጮች «ሴሚ ኳርተር» ወይም «ፉል ኳርተር» ይላሉ። የመጀመሪያው ጠበብ፣ ሁለተኛው ሰፋ ያለ ማለት ነው። የፊተኛው ቅስት ስፋትም በኢንች ይጻፋል፤ 6 ተኩል፣ 7 እያለ ይሄዳል። ነገር ግን ሁሉም ሠሪ የሚስማማበት መለኪያ የለም። የአንዱ 7 ከሌላው 7 ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ቁጥሩ የሳንቃውን ማዕዘንም፣ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ጉብጠትም አይናገርም። ቁጥር አይታችሁ አትግዙ።

አሁን ኮርቻውን ያለ ግላስ፣ ማለትም ከስሩ የሚነጠፈው ጨርቅ ሳይኖር፣ ጫኑት። ፈረሱ ሜዳ ቦታ ላይ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። ኮርቻውን ጋማው ላይ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጡና ፀጉሩን ተከትላችሁ ወደ ኋላ አንሸራትቱት። የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ያገኛል። ከዚያ አንድ ሰው የፊት እግሩን ወደ ፊት ይሳብላችሁ፤ የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ሲሄድ በእጃችሁ ይሰማችኋል። የሳንቃው ጫፍ ከዚያ አጥንት ኋላ፣ ሁለት ጣት ያህል ርቆ መሆን አለበት። ቆዳው ትከሻው ላይ ቢተኛ ግድ የለም፤ ሳንቃው ነው መተኛት የሌለበት። ብዙ ጊዜ «አልገጠመም» የሚባለው ኮርቻ በጣም ወደ ፊት የተጫነ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ከተፈታ ገንዘባችሁን አተረፋችሁ።

ቀጥሎ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ከስር አንጥፋችሁ፣ ኮርቻውን ጭናችሁ፣ ሃያ ደቂቃ በሶምሶማ አስኪዱት። በአዳማ ሙቀት ለማላብ ከዚያ በላይ አይፈጅም። አቡጀዲው ላይ የሚወጣው ላብና አቧራ ከማንም ምክር ይበልጣል።

ምልክት፦ ኮርቻው ወደ ጎን ይዞራል

የእኛ ችግር ይሄ ነበር። ልጄ እርካብ ስትረግጥ ኮርቻው ወደ እሷ ይዞራል። ጠፍሩን አጠብቃለሁ። ትንሽ ከሄደች በኋላ መልሶ ይላላል። እንደገና አጠብቃለሁ።

አንድ ቀን በሰፈራችን የሚያልፉ አንድ የጋሪ ባለቤት ቆመው አዩኝ። «አባባ፣ ምን ላድርገው?» አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ከሳንቃው ስር አስገብተው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። «ልጄ፣ ጀርባው ክብ ነው፤ እንጨትህ ደግሞ ሹል ነው። አናቱ ላይ ነው የቆመው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ኮርቻ የምፈትሸው በእሳቸው መንገድ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እጃችሁን ከፊት በኩል ከሳንቃው ስር አስገቡ። ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ካለ ሳንቃው ጠባብ ነው። ፊቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ መቀመጫውም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከላይ ጠበቅ፣ ከታች ላላ ካለ ደግሞ ሰፊ ነው። እጃችሁ ከላይ እስከ ታች እኩል ከተጫነ ገጥሟል።

ጠባብ ከሆነ ግላስ መደራረብ ጠባቡን ይበልጥ ያጠበዋል። ከፍ ስለሚያደርገውም መዞሩ ይብሳል። የኔ ስፖንጅ ያደረገው ይህንን ነው። መፍትሄው ሰፋና ዘርጋ ያለ ሳንቃ ያለው ሌላ ኮርቻ ነው፤ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁም። ሳንቃው ልክ ሆኖ ጀርባው ክብ ስለሆነ ብቻ ትንሽ የሚዞር ከሆነ አንድ ሱፍ ግላስ ይበቃል፤ ሱፍ ጀርባውን ይይዛል፣ ላብም ይጠጣል። ለመውጣት ድንጋይ ወይም በርጩማ ተጠቀሙ። ጠፍሩን ደግሞ ሁለት ጣት እስኪያስገባ ብቻ አጥብቁ። ጠፍር የማይገጥም ኮርቻን አያስገጥምም፤ ፈረሱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል እንጂ።

ምልክት፦ ከፊትና ከኋላ ያብጣል፣ መሃሉ ደረቅ ነው

አቡጀዲው ላይ አራት የቆሸሹ ቦታዎች፣ መሃሉ ነጭ። ይህ ማለት ሳንቃው እንደ ድልድይ ሁለቱን ጫፍ ረግጦ መሃሉን ዘሎታል። ክብደቱ ሁሉ አራት ቦታ ላይ ያርፋል። ገጣባ የሚጀምረው ከእነዚያ አራት ቦታዎች ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደረቅ ቦታ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም አለው። አንዱ ኮርቻው ጭራሽ አልነካውም ማለት ነው። ሌላው በጣም ስለተጫነው ላቡ እንኳ መውጣት አልቻለም ማለት ነው። በዓይን አይለይም። ኮርቻው ጀርባው ላይ እያለ እጃችሁን አስገቡ፤ ክፍት ከሆነ አልነካውም፣ እጃችሁን ከነከሰው ግን አደገኛው እሱ ነው። ሰፊ ላብ መሃል ያለች ትንሽ ደረቅ ክብ ብዙ ጊዜ የሁለተኛው ምልክት ናት።

ምክንያቱ ቀጥ ያለ ሳንቃ በሰረጎደ ጀርባ ላይ መሆኑ ነው። ያረጀ ፈረስ፣ ደጋግማ የወለደች ባዝራና በበጋው መኖ እጥረት የከሳ ፈረስ ጀርባቸው ይሰረጉዳል። የከሳውን ግን ለሁለትና ሦስት ወር መግቡት፣ ዳገት አስወጡት፣ ጀርባው ሥጋ ይያዝ። ዛሬ ለከሲታ ጀርባ የገዛችሁት ኮርቻ ከክረምት በኋላ አይሆነውም። እስከዚያው ከተጠቀጠቀ ሱፍ ጠርዙ የሳሳ ቁራጭ አስቆርጣችሁ በመሃሉ ክፍተት ልክ ብቻ ከግላሱ ስር ማስገባት ይቻላል። ለጊዜው ነው። በተፈጥሮው የሰረጎደ ጀርባ ላለው ጎበጥ ያለ ሳንቃ መፈለግ ግድ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ፊቱን ስትጫኑ ኋላው ብድግ ካለ፣ እንደ ሕፃን አልጋ ከተወዛወዘ፣ ሳንቃው ጎባጣ ሆኖ ጀርባው ሜዳ ነው። ለዚህ ምንም ግላስ አይረዳም።

ምልክት፦ ጋማው የሚያልቅበትን አጥንት ይነካል

ሰው ተቀምጦበት በአጥንቱና በቅስቱ መሃል ቢያንስ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ሳንቃው ሰፊ ነው ወይም አጽሙ ተሰብሯል። ዛሬውኑ መጫን አቁሙ። እዚያ ቦታ ላይ ሥጋ ስለሌለ ቁስሉ ቶሎ ወደ አጥንት ይደርሳል፣ ለመዳንም ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ምልክት፦ ወደ ትከሻው ይንሸራተታል

ዳሌው ከትከሻው ከፍ ያለ ወይም ሆዱ የሰፋ ፈረስ ላይ ይመጣል። ጠፍሩ ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን ጠባብ ቦታ ፈልጎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኮርቻውንም ይጎትተዋል። የጠፍሩ ቀለበት ከቀንዱ ትይዩ የተሠራ ኮርቻ ላይ ይብሳል። ቀለበቱ ወደ መሃል ጠጋ ያለ ኮርቻ ምረጡ። በጭራው ስር የሚያልፍ ጠፍርም ይረዳል፤ በቅሎ የጫነ ሰው ጥቅሙን ያውቃል። የደረት ጠፍር እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ እሱ ወደ ኋላ ለሚሄድ ኮርቻ ነው።

ምልክት፦ ዳሌውን ይመታል

ሲዞር የኮርቻው ቆዳ ዳሌውን ከመታ ወገቡ አጭር ነው። የመጨረሻውን የጎን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉና ወደ ላይ እስከ አከርካሪው ተከተሉት። ክብደት ከዚያ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ኋላ ከስር የሚደግፍ የጎን አጥንት የለም። ቆዳው ብቻ ካለፈ ጠርዙ ክብ የሆነ ኮርቻ ይፈታዋል። ሳንቃው ካለፈ ለአረብ ፈረስ የሚሠራው አጭር ሳንቃ ይሻላል። መቀመጫው ትንሽ ስለሆነ ሳንቃውም አጭር ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ገልብጣችሁ ለኩ።

ምልክት፦ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል

ከፈረሱ በፊት ፈረሰኛውን እዩ። የሁለቱ እርካብ ርዝመት እኩል ነው? አንድ ወገን ላይ ይደገፋል? ሌላ ሰው ሲወጣበት ከተስተካከለ ነገሩ አለቀ። ካልተስተካከለ አጽሙን ፈትሹ። ኮርቻውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ፊትና ኋላውን ወደ መሃል ጨምቁ። ከታጠፈ ወይም ከተንቋቋ ተሰብሯል። አጽሙ ደህና ከሆነ የፈረሱ አንድ ትከሻ ከሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ባነሰው በኩል ስስ ሱፍ ይደረጋል። ማነከሱንም አትርሱ፤ ትንሽ የሚያነክስ ፈረስ ኮርቻ ያዞራል።

ሁሉም ገጥሞ ፈረሱ አሁንም እምቢ ካለ

ክብደት። ይህን ማንም አልነገረኝም። የካውቦይ ኮርቻ ከባድ ነው፤ ከ12 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን ብዙ አለ። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 ከመቶ እንዳያልፍ ነው። ሚዛን ባይኖራችሁ በሜትር ይሰላል። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሩና በሳንቲ ሜትር ለኩ፤ ያንን በራሱ አባዙ። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ባለው ርዝመት ደግሞ አባዙት። ለ11,880 አካፍሉ። የእኛ ዳማ ዙሪያው 155፣ ርዝመቱ 142 ነው፤ 287 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 20 ከመቶው 57 ኪሎ ነው። ልጄ 41 ኪሎ ናት፣ ኮርቻው 17 ኪሎ ነበር፣ ግላሱ 2። አልፏል። እኔ 74 ኪሎ ስለሆንኩ ከዚያ በኋላ አልወጣሁበትም።

ክብደቱም ልክ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይየው። አከርካሪውን ግራና ቀኝ በጣት ስትጫኑት የሚሸሽ ፈረስ እስኪድን አይጫንም። ቁስል ካለ ደግሞ ግላስና ጠፍር ከሌላ ፈረስ ጋር አትዋሱ። የጋሪ ፈረሶችን እግርና ደረት በሚመግል እባጭ የሚያሰቃየው በሽታ በቁስል በኩል ነው የሚገባው፤ ዝንብም ዕቃም ያጋባዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

የሚታጠፍ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ግዙ። ከትከሻው አጥንት ሁለት ጣት ኋላ ጀርባው ላይ ጫኑት፣ ቅርጹን ሲይዝ በጥንቃቄ አንስታችሁ ካርቶን ላይ በእርሳስ ተከተሉት። ከዚያ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ድገሙት። አራተኛው ከፊት ወደ ኋላ፣ ከአከርካሪው አራት ጣት ወረድ ብሎ ይሁን። ካርቶኑን ቁረጡ፣ ቀንና «ፊት» «ኋላ» ጻፉበት። ኮርቻ ልታዩ ስትሄዱ ፈረሱን መውሰድ የለባችሁም። ገልብጣችሁ ካርቶኑን ሳንቃው ላይ አድርጉት፤ ክፍተቱ በብርሃን ይታያል።

እኔ አራቱን ካርቶን በተጓዥ እጅ ለወንድሜ ላክሁለት። እሱ እዚያው ያገለገሉ ኮርቻዎች ላይ እየሞከረ አምስቱን መለሰ። ስድስተኛው 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ጠርዙ ክብ፣ ሳንቃው ሰፊና አጭር ነበር። የመጀመሪያውን ጀርባው ጠበብ፣ ጫንቃው ከፍ ያለ ፈረስ ላለው ወዳጄ ሰጠሁት፤ መጀመሪያ ግን በእሱ ፈረስ ልክም ካርቶን ቆርጠን ነው።

አዲሱን በአቡጀዲ ስንሞክረው ላቡ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ወጣ፣ የአከርካሪው መስመር ብቻ ነጭ ቀረ። ዳማ አሁን ጠፍሩ ሲጠብቅ ዝም ብሎ ይቆማል። ፀጉሩን ሲቀይር ግን ከትከሻው ኋላ በሁለቱም በኩል የብር ሳንቲም የሚያህል ነጭ ፀጉር ወጣበት። የመጀመሪያው ኮርቻ የተጫነበት ቦታ ነው። ልጄ ስታበጥረው እዚያ ጋ ስትደርስ እጇን ቀለል ታደርጋለች።