ለልጃችሁ ያላችሁት ብር ልጃችሁን እንዳይጎዳው፦ ስፔሻል ኒድስ ትረስት ላይ የሚሰሩ ስህተቶች

አሜሪካ ሆናችሁ ኦቲዝም ወይም ሌላ ዲሳቢሊቲ ያለበት ልጅ የምታሳድጉ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቧት። ስፔሻል ኒድስ ትረስት ማለት ብሩ በልጁ እጅ ሳይሆን በአደራ ያዥ (ትረስቲ) እጅ ሆኖ፣ የመንግሥት ድጋፉን ሳያሳጣው ለሱ የሚውልበት ህጋዊ አደራ ነው።

አንደኛው በልጁ ስም ብር ማስቀመጥ ነው። ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) የሚያገኝ ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ካለው ክፍያው ይቆማል፣ ብዙ ስቴት ላይ ሜዲኬይዱም (የመንግሥት የጤና መድኑ) አብሮ ይሄዳል፣ ይቺ 2,000 ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ልጄ ሲወለድ ጀምሮ ዘመድ የሰጠውን "የሱ ነው" ብዬ በስሙ ሳጠራቅም ኖሬ አንድ ቀን የተከፈለህን መልስ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ፣ ኩሽና ቆሜ ሶስቴ አነበብኩት።

ሁለተኛው፣ ትረስቱን አሰርቶ ቤኔፊሽሪ (ስትሞቱ ብሩን ይወስዳል ተብሎ የተጻፈውን ስም) አለመቀየር። ላይፍ ኢንሹራንሱና የጡረታ አካውንቱ ላይ የልጁ ስም ካለ ብሩ በቀጥታ እጁ ይገባል፣ ትረስቱ ባዶውን ይቀራል። ዛሬ ማታ ላፕቶፕ ከፍታችሁ እዩት፣ መኖር ያለበት የትረስቱ ሙሉ ስም ነው።

"ለእህቱ እንስጣት፣ እሷ ታየዋለች" የሚባለውም አለ። እህትየው ወርቅ ልጅ ትሁን፣ ግን ብትፋታ፣ ብትከሰስ፣ ቀድማ ብትሞትስ? በህግ ብሩ የሷ ነው።

ሌላው የራሱን ብርና የናንተን መቀላቀል ነው። ልጁ በካሳ ያገኘው ብር 65 ሳይሞላው የራሱ ትረስት ውስጥ ይገባል፣ እሱ ሲያልፍ ግን ሜዲኬይድ ያወጣውን ከዚያ ይወስዳል። እናንተ ከኪሳችሁ ባስገባችሁበት ትረስት ላይ ይሄ የለም፣ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አሰሩ።

ትረስቲ ስትሆኑ ካሽ አትስጡት፣ ከ20 ዶላር ያለፈው ከኤስኤስአዩ ብር በብር ይቀነሳል። ስልኩን፣ ጥርስ ሀኪሙን በቀጥታ ክፈሉ። ምግብ ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ወዲህ እንደ ገቢ አይቆጠርም፣ ኪራይ ግን ይቆጠራል፣ እሱን በኤብል አካውንት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኞች በተፈቀደው የቁጠባ አካውንት፣ በኩል መክፈል ይሻላል (ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 46 ዓመት ሳይሞላው ጉዳቱ የጀመረው ሁሉ መክፈት ይችላል)።

በመጨረሻ ሀገር ቤት ያሉትን አትርሱ። እናቴ ኑዛዜዋ ላይ የልጄን ስም ልትጽፍ ስትል በዋይበር ደውዬ እምዬ ተይ፣ ድርሻውን በኔ ስም አድርጊው፣ እኔ ትረስቱ ውስጥ አስገባለታለሁ ብላት "የልጅ ልጄን ስም እንዴት እዘላለሁ" ብላ አለቀሰች፣ ሜዲኬይዱ ከተቆረጠ መድኃኒቱም ቴራፒውም እንደሚቆም ስነግራት ነው የተስማማችው።