ፊደሉ ሳጥን ሆኖብኝ ነበር፣ እንዲህ አስተካከልኩት

ለግራፊክ ዲዛይን መግቢያ ኮርስ የጮቄ ተራራን ፖስተር ሠርቼ ደብረ ማርቆስ አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድኩ። ፋይሉ ሲከፈት «ጮቄ» የሚለው ርዕስ ሁለት ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ክው አልኩ፤ ማስረከቢያው ነገ ነው! የማተሚያ ቤቱ ልጅ «እህቴ፣ ይሄ ፎንት እኛ ጋ የለም» አለኝ። ለካ ኢለስትሬተር (ፖስተሩን የሠራሁበት የዲዛይን ፕሮግራም) ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሎቹን መልክ የያዘውን ፋይል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካጣው በሌላ ይተካዋል፣ ያ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ከሌለው የሚያሳየው ሳጥን ብቻ ነው። ቤት ተመልሼ መጀመሪያ ኮፒ አስቀመጥኩ (ይህን እንዳትዘሉ፣ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉን ማረም አይቻልም)። ከዚያ ጽሑፉን መርጬ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ አንድ ላይ ተጫንኩ። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀየረ፤ ስለዚህ ፎንቱ ማተሚያ ቤቱ ጋ ባይኖርም ችግር የለም። ዙሪያውን ወረቀቱ ሲቆረጥ የሚወገድ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሬ በፒዲኤፍ ወሰድኩት። የ«ጮ» እግር ሳይቀር ጥርት ብሎ ታተመ።