ጉልበቱን ያመመው ኮርቻውን ይለካ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ ብስክሌት መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ሦስት ቦታ ያመኝ ነበር፤ ጉልበቴን፣ ማጅራቴን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለመናገር ያሳፍራል። ለጉልበቴ ቅባት ገዛሁ። ለማጅራቴ ትራስ ቀየርኩ። ለሦስተኛው ኮርቻው ላይ አሮጌ ጋቢ አጥፌ አሰርኩ። ወራት ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ ብስክሌትን ለነጂው ልክ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ጋቢውን ፈታው፣ ኮርቻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረገው፣ አፍንጫውን አቃናው። ቅባቱን ዳግም አልገዛሁም።

እዚህ አገር ፈረስ የሚጋልብ ሰው እርካቡን ለእግሩ ልክ ሳያደርግ አይነሳም። ብስክሌት ሲሆን ግን ከሻጩ እንደተረከብነው እንወጣበታለን።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሜትር፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ቱንቢ፣ ከጎን ሆኖ በስልክ የሚቀርጻችሁ ጓደኛ አዘጋጁ። ኮርቻው አሁን ያለበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ቀይሩና ሁለት ሦስት ቀን ንዱበት። ሁሉንም ባንድ ከሰዓት የሚያገላብጥ ሰው የቱ እንዳሻለው፣ የቱ እንደጎዳው አያውቅም።

ጉልበት ከፊት፣ ሎሚው አካባቢ ሲያም

ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ አለዚያም ወደ ፊት ቀርቧል። ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ በኃይል ሲገፋ ጫናው ሎሚው ላይ ያርፋል። ለመፈተሽ ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በትክክለኛው አረጋገጥ፣ ማለትም በፊተኛው የእግር ክፍል ስትረግጡ፣ ጉልበታችሁ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቀራል።

ቁጥር የሚወድ ሰው ደግሞ በአሜሪካዊው ብስክሌት ተወዳዳሪ በግሬግ ለሞንድና በአሰልጣኙ በሲሪል ጊማር ስም የሚታወቀውን ስሌት ይሞክር፦ በባዶ እግር ቆማችሁ ከብሽሽት እስከ ወለል ያለውን ርዝመት በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህም የፔዳሉ ክንዶች ከሚሽከረከሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ልክ ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም።

የፊትና ኋላውን በቱንቢ እዩት። የፔዳሉን ክንድ አግድም አድርጋችሁ ከሎሚው ሥር ካለችው አጥንት ቱንቢውን ልቀቁት፤ ክሩ በፔዳሉ ዘንግ መሃል ላይ ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ወደ ፊት ካለፈ ኮርቻውን ወደ ኋላ ግፉት።

ኮርቻው ልክ ሆኖም ካመመ ማርሹን ጠርጥሩ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያስወጣውን ዳገት በከባድ ማርሽ ተገትሮ የሚወጣ ጎበዝ ሳይሆን የነገ በሽተኛ ነው። በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ይሻላል። ብርዱም ይቆጠር፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና በውርጭ ጠዋት ጉልበትን ሸፍናችሁ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በእርጋታ ንዱ።

ቋንጃ ሲያም

የዚህ ምክንያት ተቃራኒው ነው፦ ኮርቻው በጣም ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ርቋል። ጓደኛችሁ ከኋላ ይቅረጻችሁ። ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ በየርግጫው ፔዳሉን እየተንጠራራችሁ ነው፤ ዝቅ አድርጉት።

አንድ ጉልበት ብቻ ከሆነ የሚያመው፣ ሰውነታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ባዶውን አሽከርክሩት። ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ የታጠፈ የፔዳል ዘንግ ብርቅ አይደለም፤ ሲሽከረከር ከተወላገደ ይቀየር። የግራው ፔዳል ጥርስ ግልባጭ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ በመዞር ነው። ይህን ሳያውቁ ብሎን የጨረሱ ብዙዎች ናቸው።

እጅ ሲደነዝዝ፣ ማጅራትና ወገብ ሲያም

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ በመዳፍ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። ሰው እጁን ሲያመው መሪውን ይወነጅላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ውሃ ልኩን ኮርቻው ላይ አስቀምጣለሁ። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ገላችሁ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን እጃችሁ ይሸከማል። ኮርቻው ከተስተካከለ በኋላ የፍሬኑን እጀታ የእጅ አንጓችሁ ሳይታጠፍ እንዲደርሰው አዙሩት። ወደ ደብረ ሲና ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የወረደ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

የማጅራትና የወገብ ሕመም ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው መራቅ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ያገለገለ ብስክሌት ቴላዮው፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ ለረጅም ሰው የተሠራ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሠራው ስህተት አለ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። መሪው ሲርቅብን ኮርቻውን ወደ ፊት እንስባለን፣ ማጅራት ይሻለዋል፣ በሳምንቱ ጉልበት ይጀምራል። የኮርቻው ቦታ የሚወሰነው ለእግር ነው። የመሪውን ርቀት ማሳጠር ያለበት መሪውን ከቴላዮው የሚያያይዘው አንገት ነውና እሱን በአጭር ቀይሩ፣ ወይም መሪውን ከፍ አድርጉ። ቴላዮው ከነጭራሹ ትልቅ ከሆነ ግን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው፤ መራራ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

መቀመጫ ሲያም

ጋቢ አታስሩበት። ለስላሳ ነገር ሲጨመቅ ለአጥንቱ ቦታ ለቆ መሃሉን ወደ ላይ ይገፋል፤ ያ ደግሞ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ቦታ ነው። ኮርቻ መሸከም ያለበት ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች ነው። ደረጃ ላይ ካርቶን አንጥፋችሁ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ ተቀመጡበትና በሁለቱ ጉድጓዶች መሃል ያለውን ለኩ። ኮርቻው የሚሸከምበት ቦታ ከዚያ በመጠኑ መስፋት አለበት። የብስክሌት ቁምጣ ያለው ሰው ከሥሩ ሌላ ልብስ አይልበስ፤ ስፌቱ ነው የሚልጠው።

እግር ጣት ከደነዘዘ የጫማውን ማሰሪያ ላላ አድርጉ።

ባለሙያ ዘንድ መቼ?

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻላችሁ፣ ወይም ረጅም መንገድ የምትነዱ ከሆነ ወጪው አያስቆጭም። ደህና ባለሙያ መጀመሪያ ስለ አሮጌ ጉዳታችሁ ይጠይቃል፣ ጎንበስ ቀና አስብሎ መተጣጠፋችሁን ያያል፣ ከዚያ ብስክሌቱን ባለበት ቆሞ በሚሽከረከርበት መሣሪያ ላይ አስሮ ስትረግጡ ይመለከታል። ስትረግጡ ሳያይ ቁመታችሁን ብቻ ለክቶ የሚያስተካክል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የምትነዱበትን ጫማና ቁምጣ ይዛችሁ ሂዱ።

ያበጠ ጉልበት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም የማይለቅ የብልት አካባቢ ወይም የእጅ መደንዘዝ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው።

ባለሙያው ሲጨርስ ልኮቹን በጽሑፍ ተቀበሉት፤ የኮርቻውን ከፍታ፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው ያለውን ርቀት። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ብስክሌቱ የሚመለሰው ሚኒባስ ጣራ ላይ ነው። የእኔን ረዳቱ ለማሰር እንዲመቸው ብሎ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎት መናኸሪያ ደረስኩ። ወረቀቷ ባትኖር ኖሮ ያን ቀን የከፈልኩት ገንዘብ እዚያው ጣራ ላይ ቀርቶ ነበር።