በጠባብ ግቢ አራት ባንድ የሚይዝ አንቴና ከቤት መስመር ሽቦ እንዴት ይሠራል

አዳማ ያለው ግቢያችን 10 ሜትር በ15 ነው። ቤቱ፣ ሰርቪሱና የውሃ ሮቶው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው ሁለት ፓፓያና የልብስ ማስጫ ብቻ ነው። ለአማተር ሬዲዮ (ሰዎች በግላቸው በአየር ላይ የሚነጋገሩበት) አንቴና 20 ሜትር ሽቦ ልዘረጋ ነው ስል ባለቤቴ «ግማሹን ጎረቤት ልታሳድር ነው?» አለችኝ። 10 በ15 የሆነ ግቢ ግን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ 18 ሜትር ይሆናል። ሽቦው መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ አጥር ካዘቀዘቁ እንደ ጣሪያ ቅርጽ ይዞ ይገባል።

የምንሠራው ዳይፖል ነው። ከአንድ መሃል ግራና ቀኝ የሚወጡ ሦስት ጥንድ ሽቦዎች አሉት፦ ረጅሙ ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋ ኸርዝ)፣ መካከለኛው ለ20 ሜትር (14 ሜጋ ኸርዝ)፣ አጭሩ ለ10 ሜትር (28 ሜጋ ኸርዝ)። በባንዱ ስም ያለው ሜትር የሞገዱ ርዝመት ነው እንጂ የሽቦው አይደለም። አራተኛው ምርቃት ነው። ለ7 ሜጋ ኸርዝ የተለካ ሽቦ ከሦስት እጥፉ ትንሽ ከፍ ብሎም ስለሚሠራ የ15 ሜትር ባንድ (21 ሜጋ ኸርዝ) ያለ ተጨማሪ ሽቦ ይገኛል።

ለማዳመጥ ከሆነ ይኸው ነው። ለማሰራጨት ግን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ እስካሁን አዳማጭ ብቻ ነኝ፤ ነገ ፈቃድ ባገኝ እንዳላፈርሰው ብዬ ግን ለማሰራጨት በሚሆን ልክ ነው የሠራሁት።

የሚያስፈልገው ለቤት መስመር የሚሆን ባለ 1.5 ሽቦ ወደ 40 ሜትር፣ የዲሽ ኬብል፣ አንድ ስካቶላ፣ ሁለት ብሎን ከነዳዶና ሮንዴላው፣ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ናይለን ገመድና 7 ሜትር የሚደርስ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው። ከፍርስራሽ የወጣ ሽቦም ያገለግላል፤ አንቴና አዲስና አሮጌ አይለይም። «ለሬዲዮ የተሠራ» እየተባለ በውድ የሚሸጥ ኬብል አትፈልጉ። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፣ አብዛኛው ሬዲዮ ደግሞ የሚጠብቀው 50 ኦም ነው፤ ልዩነቱ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያሳስብ አይደለም።

መሃሉ

ስካቶላው ላይ ሁለቱን ብሎኖች አራርቃችሁ እሰሩ። የግራዎቹ ሦስት ሽቦዎች በአንዱ፣ የቀኞቹ ሦስት በሌላው ላይ ይያዛሉ። የዲሽ ኬብሉ የመሃል ሽቦ ወደ አንዱ ብሎን፣ የውጩ ጥልፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጥልፉን በሊድ ለመበየድ አትድከሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሊዱ እንደ ጤዛ ድብልብል ብሎ ይወርዳል። በሮንዴላ ጨቁኖ ማጥበቅ ይሻላል። ሽቦዎቹ ብሎኑ ጋ ከመድረሳቸው በፊት በስካቶላው ቀዳዳ ገብተው ይቋጠሩ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቋጠሮው እንጂ ብሎኑ መሆን የለበትም። ከላይ በሲልከን ዝጉት፤ ከሥር ግን ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተዉ።

ከስካቶላው በታች ኬብሉን በ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ላይ 12 ዙር ጎን ለጎን ጠምጥሙት። ወደ 4 ሜትር ተኩል ኬብል ይበላል። ይህን አልፎ መሄድ ያምራል፣ እኔም አልፌው ነበር። የቻርጀሩና የኤል ኢ ዲ አምፖሉ ጩኸት ግን በኬብሉ ውጫዊ ገጽ ተንፏቆ አንቴናው ውስጥ ይገባል፤ ጥምጥሙ ነው የሚያግደው።

ልኩ

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 143ን በሜጋ ኸርዝ ቁጥሩ ስታካፍሉ የሁለቱ ክንፍ ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይወጣል። 143 ለ7.1 ሲካፈል 20.14 ሜትር፣ በየጎኑ 10.07 ነው። ነገር ግን የፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከቀመሩ ጥቂት በመቶ አጠር ብሎ ነው ልኩን የሚያገኘው፤ ጎን ለጎን ያሉት ሽቦዎችም አንዱ የሌላውን ልክ ይለውጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አስረዝማችሁ ቁረጡ፦ በየጎኑ 10.40፣ 5.30 እና 2.70 ሜትር።

ከዚያ በኋላ መቁረጫውን ሰው ቤት አስቀምጡት። የምሬን ነው።

እኔ ከጓደኛዬ ናኖ ቪ ኤን ኤ የምትባለውን፣ አንቴና በየትኛው ድግግሞሽ ልክ እንደሆነ የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ተዋስኩና ቋሚ ላይ መውጣት ሰንፌ አንቴናውን በልብስ ማስጫው ቁመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ዘረጋሁት። መለኪያው ከ7 በታች አነበበ። ቆረጥኩ፣ ለካሁ፣ እንደገና ቆረጥኩ። ልክ 7.1 ላይ ሲቆም ደስ ብሎኝ ሰቀልኩት። ላይ ሲወጣ 7.3 ሆኖ ቁጭ አለ። መሬት የተጠጋ ሽቦ ድግግሞሹ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ሲል ይወጣል። በየጎኑ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል የቆረጥኩትን መልሼ ቀጠልኩ፤ ቅጥያው ዛሬም ከሩቅ ይታያል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። አንቴናውን በሚቀመጥበት ከፍታ ሰቅላችሁ ለኩ፣ አውርዱ፣ ከጫፉ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በራሱ ላይ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ በጥቁር ፕላስተር እሰሩ፣ መልሳችሁ ስቀሉ። የታጠፈ ሽቦ እንዳጠረ ይቆጠራል፤ ከተሳሳታችሁም ትፈቱታላችሁ። በ40 ሜትሩ ሽቦ ከየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ማጠፍ 70 ኪሎ ኸርዝ ያህል ከፍ ያደርጋል። በ20ው ያው 10 ሴንቲ ሜትር 280 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው፤ በ10ሩ አንድ ሜጋ ኸርዝ ያልፋል፣ እዚያ ጣት በጣት ነው። ከረጅሙ ጀምሩ፣ ከዚያ መካከለኛው፣ አጭሩ መጨረሻ፤ ሲያልቅ ረጅሙን እንደገና እዩት። ኤስ ደብሊው አር የሚባለው፣ ከአንቴናው ምን ያህል ጉልበት እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር ከ2 በታች ከወረደ በቂ ነው፤ 1.1 ለማድረግ ስትሉ አትሰቃዩ። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነማ መለኪያም አያስፈልግም፤ በቀመሩ ልክ ሰቅላችሁ እርሱት።

አሰቃቀል

ቋሚው ቢወድቅ የመብራት መስመር የሚነካ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁለት ሰው ሆናችሁ አቁሙት፣ ከግድግዳው ጋር በሁለት ቦታ እሰሩት። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሽቦውን በተቻለ መጠን አርቁት። አጫጭሮቹ ጥንዶች ከረጅሙ ሥር ይንጠልጠሉ፤ እንዳይነካኩ በየመሃሉ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቀዳድታችሁ አሳልፏቸው። ጫፎቹ ልጆች ከማይደርሱበት ከፍታ በላይ ይሁኑ፤ ሲሰራጭ የሚያቃጥለው ጫፉ ነው። ቦታ ካጠረ የመጨረሻውን አንድ ሜትር ወደ ታች ማንጠልጠል ይቻላል።

የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቃል። ከኮረብታው ላይ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች ተደምረው እስከ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ናቸው፤ ያው ነፋስ የኔን ግቢ አይምርም። ጫፉን በናይለን አክርራችሁ ካሰራችሁት ቋሚው ሲወዛወዝ ሽቦው መሃሉ ጋ ይበጠሳል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ አንድ ክንድ ቆርጣችሁ በሽቦውና በገመዱ መሃል አስገቡ፤ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ፀሐይ ስለምታደርቀው በዓመት አንዴ ቀይሩት።

ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ጣሉት።

ለማዳመጥ ከ10 ሜጋ ኸርዝ በታች የታችኛውን ጎን ባንድ (ሬዲዮው ላይ LSB የሚለውን)፣ ከዚያ በላይ የላይኛውን ጎን ባንድ (USB) መምረጥ የተለመደ ነው፤ ካልሆነ ድምፁ እንደ ዳክዬ ነው የሚሰማው። ቀን 14 እና 21 ሜጋ ኸርዝ ላይ፣ ከመሸ 7 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሞክሩ። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ የሰፈሩ ቻርጀርና ዲሽ ሁሉ ዝም ስለሚል ሬዲዮውን በባትሪ ክፈቱት፤ እኛ ቤት ሻማ ፍለጋ ሲራወጡ እኔ የጆሮ ማዳመጫዬን ነው የምፈልገው።