የሃይድሮጂን ፊውል ሴል የውኃ አያያዝ፦ መድረቅንና መጥለቅለቅን ለይቶ ማከም

የሃይድሮጂን ፊውል ሴል ሃይድሮጂንንና የአየርን ኦክስጅን አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ፖሊመር ሜምብሬን (ከፕላስቲክ መሰል ቁስ የተሠራ ስስ ሽፋን) ባለው ፊውል ሴል ውስጥ ውኃ የሥራው ተረፈ ምርት ብቻ ሳይሆን ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ፕሮቶኖችን (የሃይድሮጂን አዮኖችን) ሃይድሮጂን ከሚገባበት ወገን (አኖድ) አየር ወደሚገባበት ወገን (ካቶድ) የሚያሻግረው ስስ ሜምብሬን በደንብ የሚያስተላልፈው እርጥብ ሲሆን ነው፤ ሲደርቅ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ለፍሰቱ ያለው ተቃውሞ) ያድግና ቮልቴጁ ይወርዳል። በካቶድ በኩል የሚፈጠረው ውኃ በጊዜው ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ የጋዙን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ኦክስጅን ምላሹን ወደሚያፋጥነው ፕላቲነም መድረስ ስለሚያቅተው ያኔም ቮልቴጁ ይወርዳል። ምልክታቸው ከላይ ሲታይ ተመሳሳይ፣ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ስለሆነ፣ ፋንም ሆነ ቫልቭ ከመንካት በፊት የትኛው ችግር እንደደረሰ መለየት ይገባል።

በቅድሚያ የሚፈጠረውን ውኃ ያስሉ። አንድ ሴል አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲሰጥ 0.336 ግራም ያህል ውኃ ይፈጥራል፤ ስለዚህ 20 ሴሎች የተደረደሩበት ስታክ (የሴሎች ድርድር) በ10 አምፒር ሲሠራ በሰዓት 67 ግራም ገደማ ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ በመውጫው ቱቦ የሚታየው ጠብታ ሙሉውን መጠን አያሳይም።

እንፋሎቱን ይዞ የሚወጣው አየር ነው፤ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስኑት ደግሞ ሙቀቱና ግፊቱ ናቸው። ደረቅ አየር ለሴሉ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን እጥፍ በሆነ መጠን ይግባ እንበል። በባሕር ጠለል ደረጃ፣ ሴሉ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሠራ፣ የሚወጣው አየር አንጻራዊ እርጥበት (በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) 97 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በ80 ዲግሪ ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ለሜምብሬኑ አደገኛ ድርቀት ነው። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ በሆነበት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በዚያው በ60 ዲግሪ የሚገኘው እርጥበት 73 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ መከተል ሴሉን የሚያደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በቅድሚያ የምመክረው ሙቀቱን ዝቅ ማድረግን ነው፤ በ55 ዲግሪ እርጥበቱ እንደገና ከ90 በመቶ በላይ ይመለሳል።

ችግሩን ለመለየት ሎዱን (ከሴሉ የሚወሰደውን ኤሌክትሪክ) ሳይቀይሩ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ይከታተሉ። ቮልቴጁ የሚዘልና የሚወድቅ ከሆነ፣ በተለይም ጥቂት ሴሎች ብቻ ከሌሎቹ ተለይተው ከወረዱ፣ ሃይድሮጂኑን ከተጠራቀመው ውኃ ጋር የሚለቀው የማስወጫ ቫልቭ ሲከፈትም ወዲያው ካገገሙ፣ ውኃ አጥለቅልቋቸዋል። በጋዙ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት መጨመሩም ይህንኑ ያረጋግጣል። ቮልቴጁ ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነና በ1 ኪሎኸርዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚለካው የውስጥ ሬዚስታንስ እየጨመረ ከሄደ ግን ሜምብሬኑ እየደረቀ ነው። መለኪያው ከሌለ የአየሩን ፍሰት ለአጭር ጊዜ ይጨምሩ፤ የተጥለቀለቀ ሴል ይሻለዋል፣ የደረቀው ግን ይብስበታል።

የተጥለቀለቀውን ለማከም የማስወጫ ቫልቩን ለአፍታ ከፍተው ይዝጉ፣ አየሩን ይጨምሩ፣ መውጫውም ወደ ታች እንዲያዘነብል ያድርጉ። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ስለሚችል ይህን የሚያደርጉት አየር በደንብ በሚዘዋወርበትና እሳት በሌለበት ቦታ ብቻ ይሁን። ለደረቀው ሙቀቱን ይቀንሱ፤ አየሩንም ኦክስጅን እንዳያጥር ተጠንቅቀው ይቀንሱ። የሚገባውን ጋዝ የሚያረጥቡ ከሆነ አዮኖች በተወገዱበት ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጠቀሙ፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያሉት የብረታ ብረት አዮኖች ሜምብሬኑ ውስጥ ገብተው ማስተላለፍ አቅሙን ያዳክማሉ።

ሎዱን በድንገት አይጨምሩ። እያንዳንዱ ፕሮቶን ሲሻገር የውኃ ሞለኪውሎችን እየጎተተ ስለሚሄድ፣ ካቶዱ ተጥለቅልቆ ሳለ አኖዱ ሊደርቅ ይችላል። ሜምብሬኑ ስስ ሲሆን ውኃው ተመልሶ ወደ አኖዱ ይሰርጋል፤ በ2014 ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ሚራይ የውጭ ማርጠቢያ ሳያስፈልገው የሚሠራው ይህን መመለስና በፓምፕ የሚዘዋወረውን እርጥብ ሃይድሮጂን በመጠቀሙ ነው።

ሥራ ሲያቆሙ ሎዱን ያላቅቁና ሃይድሮጂኑን ይዝጉ፤ ከዚያ የካቶዱን ቦዮች ጠብታ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ በአየር ያጽዱና መግቢያና መውጫዎቹን በክዳን ይግጠሙ። ለረጅም ጊዜ ቆይቶ የሚነሣ ሴል ደግሞ ቮልቴጁ እስኪረጋ ድረስ በዝቅተኛ ሎድ ይሥራ።